የአስጠንቃቂው ሞት ምን ይመሰክራል?

አዲስ አበባ ለሰፈሮቿ ስም ስታወጣ ያየችውን በግልጥ ትናገራለች እንጂ አታቆላምጥም። ሰርኪስ ቴርዚያን የተባለው አርመናዊ ለዳግማዊ ምኒልክ ያስመጣው፣ በእንፋሎት የሚሠራው የመንገድ ባቡር ተሰብሮ የቀረበት ስፍራ ሰባራ ባቡር ተባለ። ከፒያሳ ወረድ ብሎ በሚገኘው ቁልቁለት ደግሞ፣ በጨለማ የሚያልፈውን መንገደኛ ወንበዴ አድፍጦ እየጠበቀ ሲዘርፈውና ሲደበድበው፣ ተበዳዩ ድምፁ እስኪዘጋ ቢጮኽ የሚደርስለት ሰው አልነበረምና ሰፈሩ እሪ በከንቱ ተባለ ይላሉ የቀድሞውን የሚያውቁ ሰዎች። አራዳ ዛሬ መልኳ ብዙ ተለውጧል፤ በ2016 ዓ.ም. በተጀመረው የኮሪደር ልማት ሥራ ብዙ አሮጌ ቤት ፈርሷል፤ መንገዱም ሰፍቷል፤ መብራቱም በዝቷል። ስሙ ግን እንዳለ ነው።

እኛም ይህን ስም በሰማን ቁጥር አንድ ጥያቄ ይመላለስብናል። እሪታው ከንቱ የሆነው በማን ጥፋት ነው? ጯሂው የሌለ ነገር አውርቶ ነውን? አይደለም፤ ወንበዴው በእውነት ነበረ፤ ዱላውም በእውነት ወርዷል። ድምፁ አንሶ ነውን? ይህም አይደለም። ከንቱ የተባለው እሪታ በጯሂው በኩል ሙሉ ነበረ፤ የጎደለው በሰሚው በኩል ነው። እንግዲህ የሰፈሩ ስም የሚናገረው ስለ ተዘረፈው ሰው ሳይሆን፣ በሩን ዘግቶ ስለ ተኛው ጎረቤት ነው ማለት ነው። በአገራችን ልማድ ጩኸት ሰምቶ ያልወጣ ሰው በአገር ፊት የሚያፍር ነበረ፤ ወንጀለኛ በተሰወረ ጊዜም አገሬው በአፈርሳታ ተሰብስቦ ያየውንና የሰማውን እየማለ ይናገር ነበር። አልሰማሁም ማለት ራሱ መልስ የሚጠየቅበት ነገር ነበረ።

ይህን አሳብ የቀሰቀሰብን የአንድ ሰው ሞት ነው። ሰውየው የአገራችን ሰው አይደለም፤ እሪ በከንቱንም አያውቃትም። ላሪ ግሮድስኪ ይባላል፤ በአሜሪካ አገር የፒትስበርግ ከተማ ሰው ነበረ። ሥራው ሰዎች ሞተር ብስክሌት እየነዱ በሕይወት እንዲቆዩ ማስተማር ነበረ። ይህንንም ያደርግ የነበረው በጥቁር ሰሌዳ ፊት ቆሞ ብቻ አይደለም፤ ደቀ መዛሙርቱን ይዞ ወደ እውነተኛው መንገድ እየወጣ፣ በኩርባው፣ በዳገቱና በመስቀለኛው መንገድ ላይ ምን ማየትና ምን መጠርጠር እንደሚገባቸው ያሳያቸው ነበር። ራይደር በተባለው የሞተር ብስክሌት መጽሔትም ስለ ጥንቃቄ የሚጽፍበት ዓምድ ነበረው። ከዚያም በአውሮፓ አቆጣጠር በ2006 ዓ.ም.፣ በኤፕሪል ወር፣ በቴክሳስ ግዛት ሲጓዝ አንዲት አጋዘን መንገዱ ውስጥ ገባችበት፤ በዚያው ሞተ። መኪና ሳይሆን አጋዘን እንደሚያሰጋው ቀደም ሲል ለቅርብ ሰው ተናግሮ እንደ ነበረ ከሞቱ በኋላ ተጽፏል። ሌላውን ከመንገድ ሞት ሲጠብቅ የኖረ ሰው በመንገድ ሞተ።

እንዲህ ያለ ሞት በተሰማ ቁጥር ሁለት ዓይነት ቃል ከሰው አፍ ይወጣል፤ በቴክሳስም ሆነ በፒያሳ ያው ነው። አንደኛው የዘባች ቃል ነው፤ «ያ ሁሉ ጥንቃቄ ምን ረባው?» ይላል። ሁለተኛው የአጽናኝ ቃል ነው፤ «ቀኑ ደርሶ ነው፤ ከተቆረጠ ቀን ማን ያልፋል?» ይላል። የመጀመሪያው ያሾፋል፤ ሁለተኛው ዕንባ ያብሳል። ይሁን እንጂ ሁለቱም የሚያደርሱን ወደ አንድ ስፍራ ነው፤ ይኸውም ማስጠንቀቅ ከንቱ ነው ወደሚለው ነው። ስለዚህ ሁለቱንም በየተራ ልንመረምራቸው ይገባል፤ ዘባቹን ሳንፈራ፣ አጽናኙን ግን በአክብሮት።

ዘባቹ የሚሳሳተው አስጠንቃቂው ያልሰጠውን ተስፋ እንደ ሰጠ አድርጎ በመቁጠሩ ነው። ግሮድስኪ አልሞትም አላለም፤ መንገድ ይገድላል ሲል ነው የኖረው። በመንገድ ላይ በመሞቱ የተረጋገጠ ነገር ካለ ይኸው ቃሉ ነው። ስለ ራስ ቁር፣ በተለምዶ ሄልሜት ስለሚባለው፣ በብዙ አገር የተደረጉት ጥናቶች ተሰብስበው በተመዘኑ ጊዜ፣ አደጋ የደረሰበት ሞተረኛ ቁር አድርጎ ከሆነ የሚሞትበት ዕድል በ42 በመቶ፣ ራሱ የሚጎዳበት ዕድል ደግሞ በ69 በመቶ እንደሚያንስ ተገኝቷል። ይህ ትልቅ ቍጥር ነው፤ ነገር ግን መቶ አይደለም። ቁር ባያደርጉ ይሞቱ ከነበሩት ከመቶ ሰዎች አርባ ሁለቱ ይድናሉ ማለት፣ አምሳ ስምንቱ ቁሩን እንዳደረጉ ይሞታሉ ማለት ነው። ከእነዚህ ከአምሳ ስምንቱ አንዱ አስተማሪው ራሱ ቢሆን ምን ይገርማል? ሞት አስተማሪና ተማሪ፣ መስፍንና ባላገር አይለይም፤ ልዑል መኮንን የሐረር መስፍን በግንቦት ወር 1949 ዓ.ም. በመኪና አደጋ ያረፉ ጊዜ አገር ሁሉ ይህንኑ አይቶ አልቅሷል።

እኛን የሚያስገርመን ግን ሌላ ነገር ነው። የአምሳ ስምንቱን ስም እናውቃለን። መቃብር አላቸው፤ ተዝካር ይወጣላቸዋል፤ ፎቶግራፋቸው በቤታቸው ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። አርባ ሁለቱን ግን ማንም አያውቃቸውም፤ ይልቁንም እነርሱ ራሳቸው ከእነርሱ ወገን መሆናቸውን ላያውቁት ይችላሉ። ማታ ወደ ቤታቸው ይገባሉ፤ ጫማቸውን ያወልቃሉ፤ ወጡ ጨው በዛበት ብለው ተነጫንጨው ይተኛሉ። ወይም ደግሞ ከዚህ የበለጠ ስውር የሆነውን እናስብ። አንድ ወጣት ቁልቁለት ሲወርድ ከሁለት ዓመት በፊት የሰማው ምክር ትዝ ይለውና ፍሬኑን ጥቂት ቀደም አድርጎ ይይዛል፤ ከፊቱ ሕፃን ልጅ ኳስ ተከትሎ ይሮጣል፤ ኳሱም ልጁም ወጣቱም በሰላም ይተላለፋሉ። በዚያች ደቂቃ የሁለት ሰው ነፍስ ተርፏል። ነገር ግን ይህን ለወጣቱ የሚነግረው የለም፤ የልጁም እናት የምታውቀው ነገር የለም፤ ምክሩን የሰጠውም ሰው አይሰማም። ያልደረሰ አደጋ ምስክር የለውምና።

ሐኪም የፈወሰው ሕመምተኛ ሊያመሰግነው ይመጣል፤ ጠበቃ የረታለት ባለጉዳይ ጉልበቱን ሊስም ይቃጣዋል፤ መምህር እንኳ ያስተማረው ልጅ በታላቅ ወንበር ተቀምጦ ሲያየው በልቡ ደስ ይለዋል። የአስጠንቃቂ ሙያ ግን የተለየ ነው፤ ሥራው ሲሳካ ምንም ነገር አይሆንም። የሚታየው ምክሩ ሳይሰማ ሲቀር፣ ወይም እርሱ ራሱ ሲሞት ነው። ስለዚህ ዘባቹ በእጁ የያዘው ግማሽ መዝገብ ነው፤ ወጪው ተጽፎ ገቢው ያልተጻፈበት መዝገብ። የሒሳብ ሹም እንዲህ ያለ መዝገብ ይዞ ቢቀርብ ምን እንደሚባል በየመሥሪያ ቤቱ ያላችሁ አንባቢዎቻችን ታውቁታላችሁ።

በእርግጥ ዘባቹ የሚረታበት አንድ ጊዜ አለ። ተማሪዎቹን ቁር አድርጉ እያለ ራሱ ባዶ ራሱን የሚነዳ አስተማሪ፣ ወይም በጉባኤ ላይ ስለ ፍጥነት ጉዳት አንድ ሰዓት ተናግሮ ሲወጣ ሾፌሩን ቶሎ በል የሚል ሹም ቢገኝ፣ ሰው ቢሥቅበት ይገባዋል። ሆኖም እንዲህ ባለው ሰው ዘንድ እንኳ የረከሰው ሰውየው ነው እንጂ ምክሩ አይደለም፤ ሰካራም ስካር ክፉ ነው ስላለ ስካር ደግ ነገር ሆኖ አይገኝም። ግሮድስኪ ደግሞ ከዚህ ወገን አልነበረም።

ወደ ጥልቁ ነገር እንግባ። የሰው ሞት የሰውን ቃል ይመሰክራልን? ከእሪ በከንቱ ብዙ ሳይርቅ የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት ቆሟል። በ2005 ዓ.ም. ለከተማው ባቡር ሐዲድ ሥራ ሲባል ከስፍራው ተነሥቶ በ2008 ዓ.ም. ወደ ቦታው ተመልሷል። አቡኑን የኢጣልያ ፋሺስቶች ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በጥይት የገደሏቸው፣ ሕዝቡ ለወራሪው እንዲገዛ ስበኩ ቢባሉ እምቢ በማለታቸው ነው። እሺ ቢሉ ይድኑ ነበር። ስለዚህ የእርሳቸው ሞት ራሱ ቃል ነበረ፤ ከስብከታቸው ሁሉ የመጨረሻውና የሚበልጠው። የመንገድ አደጋ ሞት ግን ዲዳ ነው። አጋዘኗ ግሮድስኪን ትምህርትህን ካድና ልለፍህ አላለችውም፤ በሞትና በእምነቱ መካከል አላስመረጠችውም። እንግዲህ ሰማዕት ብለን ልናነግሠው አይገባንም፤ በሞቱ ተረታ ብለንም ልናዋርደው አይገባንም። ሞቱ ስለ ትምህርቱ ምንም አልተናገረም።

ይህን በሚገባ ለማየት ከእርሱ ተቃራኒ የቆመ አንድ ሰው እናስታውስ። በእንግሊዝ አገር ፍሬድ ሂል የሚባል ሽማግሌ ነበረ። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1973 ዓ.ም. ሞተረኛ ሁሉ የራስ ቁር ያድርግ የሚል ሕግ በጸና ጊዜ፣ ይህ ነፃነቴን የሚነካ ነው ብሎ እምቢ አለ፤ ባዶ ራሱን ነዳ፤ መቀጮውንም አልከፍልም ስላለ ደጋግሞ ታሰረ፤ በመጨረሻም በ1984 ዓ.ም. በለንደን በፔንተንቪል ወኅኒ ቤት እስረኛ ሳለ ሞተ። ዕድሜውም 74 ነበረ። ሞት ማስረጃ ቢሆን ኖሮ የዚህ ሽማግሌ ሞት ቁር የማያስፈልግ መሆኑን፣ የግሮድስኪ ሞት ደግሞ ጥንቃቄ የማይረባ መሆኑን ባስረዳን ነበር። ነገር ግን የፍሬድ ሂል ሞት የሚመሰክረው ልቡ እውነተኛ እንደ ነበረ ነው፤ የሰው ራስ ቅል ከአስፋልት ይጠነክራል ብሎ አይመሰክርም። የአቡነ ጴጥሮስም ነገር ቢሆን እውነት የሆነው እርሳቸው ስለ ሞቱለት አይደለም፤ አስቀድሞ እውነት ስለ ነበረ ሞቱለት እንጂ።

አሁን ወደ አጽናኙ እንመለስ። ቀኑ ደርሶ ነው የሚለው ቃል በአገራችን የለቅሶ ቤት ሁሉ የሚሰማ ነው፤ እኛም ብለነዋል፤ ወደ ፊትም እንለዋለን። ይህን ቃል ከሁሉ አስበልጦ የተናገረው አበበ ቢቂላ ይመስለናል። በመጋቢት ወር 1961 ዓ.ም. ቮልስዋገኑን ሲነዳ ሸኖ አጠገብ ተገልብጦበት፣ በሮምና በቶኪዮ ዓለምን ያስደነቁት እግሮቹ ዳግመኛ ሳይቆሙ ቀሩ። እርሱ ግን በተሽከርካሪ ወንበር ሆኖ በቀስት ውድድር ተካፈለ፤ በጥቅምት ወር 1966 ዓ.ም. በ41 ዓመቱ አረፈ። ስለ አደጋውም በተናገረ ጊዜ፣ ድሉንም መከራውንም ከአንድ ከእግዚአብሔር ፈቃድ የተቀበለው መሆኑን ገለጠ። ይህን ቃል የሚያቃልል ሰው መከራን ያላየ ሰው ነው።

ነገር ግን ቃሉን ማን እንደ ተናገረው፣ መቼም እንደ ተናገረው ልብ እንበል። የተናገረው ተጎጂው ራሱ ነው፤ የተናገረውም ነገሩ ከሆነ በኋላ ነው። ያው ቃል ከአደጋው በፊት፣ ያውም በሌላው ሰው ነፍስ ላይ ሲነገር ምን እንደሚመስል እናስብ። ፍሬኑ የላላ መኪና ይዞ «የመጣው ይምጣ» እያለ የቸርችልን ቁልቁለት የሚወርድ ሰው የአበበን ቃል ደገመ እንላለንን? የአበበ ትዕግሥት ነው፤ የዚህኛው ድፍረት ነው፤ ቃሉ አንድ ቢሆንም ሁለት ተቃራኒ ነገር ነው። እንዲሁም ልጃቸው ተገጭቶ የሞተባቸው አባት ገዳዩን ሾፌር «ቀኑ ደርሶ ነው፤ አንተ ምን ታደርግ» ቢሉት ቸርነት ነው፤ እንባም ያስመጣል። ሾፌሩ ራሱ ለአባትየው «ቀኑ ደርሶ ነው» ቢላቸው ግን ጆሮ የማይሸከመው ነገር ይሆናል። የዕድል ቃል የተጎጂው ሀብት ነው፤ ለጎጂው የተሰጠ መሸሸጊያ አይደለም።

መጻሕፍቶቻችንም ቢሆኑ ይህን ልዩነት ያውቁታል። በኦሪት ዘዳግም በ22ኛው ምዕራፍ፣ አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው አንድ ሰው ከሰገነቱ ወድቆ የደም ዕዳ በቤቱ ላይ እንዳይሆን ዙሪያውን መከታ እንዲያደርግ ታዟል። ሕጉን የሰጠው የሰው ቀን በእጁ መሆኑን ዘንግቶት ነውን? በወንጌልም ጌታ ከመቅደሱ ጫፍ ራሱን እንዲወረውር፣ መላእክትም እንደሚደግፉት በተነገረው ጊዜ እምቢ አለ እንጂ አልዘለለም። በሙስሊም ወንድሞቻችንም ዘንድ፣ ግመሉን ሳያስር በአላህ ልመካን ብሎ የጠየቀውን ሰው ነቢዩ መጀመሪያ እንዲያስራት፣ ከዚያ እንዲመካ እንዳዘዙት ይተረካል። እንግዲህ የራስ ቁር የሰገነት መከታ ነው፤ ልዩነቱ ሰገነቱ የሚሮጥ መሆኑ ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ከአበው ተረት አንዱን ልንቃወም ነውና አንባቢ ይቅርታ ያድርግልን። ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው ይባላል። ለገንዘብ አባካኝ፣ ለሰነፍ ተማሪ፣ ለጠበኛ ጎረቤት ይህ ተረት መልካም ነው፤ መከራ አይቶ ይመለሳልና። በመንገድ ላይ ግን አይሠራም። መከራ በመንገድ ላይ የሚመክረው አንድ ጊዜ ነው፤ ተመካሪውም ብዙ ጊዜ ከምክሩ በኋላ አይገኝም። ይህም ብቻ አይደለም። እምቢ ያለው ሌላ፣ መከራው የሚወርድበት ሌላ ነው። የዓለም የጤና ድርጅት በአውሮፓ አቆጣጠር በ2021 ዓ.ም. በመንገድ አደጋ የሞተውን የዓለም ሕዝብ 1 ሚሊዮን 190 ሺህ ያህል አድርጎ ገምቶታል፤ ከነዚህም ውስጥ ከግማሽ የሚበልጡት እግረኞች፣ ብስክሌተኞችና ሞተረኞች ናቸው። በአዲስ አበባ በመንገድ ከሚሞቱት አብዛኞቹ በእግራቸው የሚሄዱ ናቸው። ምክሩን ያልሰማው ሾፌር ነው፤ መከራ የመከራት ግን ዘንቢል ይዛ ከገበያ የምትመለስ፣ መሪ በእጇ ጨብጣ የማታውቅ ሴት ናት። ታዲያ መከራ ይምከረው ብለን እጃችንን ስናጣጥፍ ማንን ነው ለመከራ የምንሰጠው?

የትራፊክ ፖሊስ ባልደረባ የነበሩት አሰፋ መዝገቡ የአዲስ አበባን የመንገድ አደጋ በራዲዮ ሲያሰሙ ድምፃቸውን የማያውቅ የከተማው ኗሪ ጥቂት ነበረ። የሞተውን፣ የቆሰለውን፣ አደጋው የደረሰበትን ስፍራ፣ የጠፋውን ንብረት ይናገሩ ነበር፤ ሾፌሩንም እግረኛውንም ይማጸኑ ነበር። እኛስ እንዴት ነበር የምንሰማው? እውነቱን ለመናገር ሻይ እየጠጣን ነበር። ሁለት ሰው ሞተ ሲባል ምነው ብለን ከንፈር መጠጥን፤ ቀጥለንም የትኛው መንገድ ይሆን የተዘጋው ብለን ስለ መዘግየታችን አሰብን። የዕለት እሪታ ጆሮን የሚያደነዝዝ ነገር ነው። የጥንቱ የእሪ በከንቱ ጎረቤት ፈርቶ በሩን ዘጋ፤ እኛ ግን በሩን ከፍተን፣ ራዲዮኑን ከፍ አድርገን ሳንሰማ ቀረን። ከሁለቱ የትኛው ይከፋ እንደ ሆነ ለመፍረድ እንቸገራለን። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እያልን የዘገየውን ውሻ እንነቅፋለን፤ ጅቡ ሳይመጣ የጮኸውን ደግሞ እንቅልፍ ነሣኸን ብለን በድንጋይ እንመታዋለን።

ሰው ካልሰማ ሕግ ያሰማዋል የሚሉ አሉ፤ ይህን መጽሔት ከሚያነቡትም መካከል ብዙዎቹ ሕግ የሚያስፈጽሙ ናቸውና ነገሩን ዝም ብለን አናልፈውም። የአገራችን የትራፊክ ሕግ ሞተረኛ የራስ ቁር እንዲያደርግ ያዝዛል። ፍሬድ ሂል አማርኛ ቢያውቅ ኖሮ «ራሴ የራሴ ነው» ባለ ነበር። አባባሉ በቋንቋችን ያምራል፤ ነገር ግን እውነት አይደለም። የሰውዬው ራስ በአስፋልት ላይ በተሰበረ ጊዜ ድንኳን የሚተክለው እድሩ ነው፤ ማቅ የምትለብሰው እናቱ ናት፤ በሐኪም ቤት የሚይዘው አልጋ ሌላ ሕመምተኛ ይጠብቀው የነበረ አልጋ ነው። በአገራችን ብቻውን የሚሞት ሰው የለም። ስለዚህ ሕጉ ትክክል ነው ብለን እናምናለን።

ሆኖም ሕግ አስከባሪው ሞተረኛውን በምን ዓይን እንደሚያየው አንድ ነገር ማለት ያስፈልጋል። በ2011 ዓ.ም. ክረምት የአዲስ አበባ አስተዳደር በሞተር ብስክሌት የሚፈጸመው ዝርፊያ በዝቷል ብሎ፣ ልዩ ፈቃድ ከተሰጣቸው በስተቀር ሞተር በከተማው እንዳይነዳ ከለከለ። የጥንቱ የእሪ በከንቱ ወንበዴ በእግሩ አድፍጦ ነበር፤ የኋለኛው በሞተር መጣ፤ የሕዝቡም ምሬት እውነተኛ ነበረ። ነገር ግን ከዚያ ወዲህ ሞተረኛ ሲታይ ዓይን ሁሉ ወደ እጁ ይሄዳል፤ ቦርሳ ይነጥቅ ይሆን ይባላል። ቁሩም ራሱ ተጠረጠረ፤ ራስን የሚያድነው ያው ዕቃ ፊትንም ይሸፍናልና። ይህ ሁሉ ሲሆን ከሞተረኞቹ አብዛኛው ደብዳቤና ምሳ የሚያደርስ፣ በዝናብ የሚበሰብስ፣ ወንድሞቹን የሚያስተምር ወጣት መሆኑ ይረሳል። የሚፈሩትን ሰው መምከር አስቸጋሪ ነገር ነው። ትገድለኛለህ ብሎ የሚያየውን ወጣት፣ ትሞትብኛለህ ብሎ ካላየው ሹም የሚመጣ ምክር፣ ምክር መሆኑ ቀርቶ መቀጮ ብቻ ሆኖ ይሰማል። ግሮድስኪ ይሰማ የነበረው ከደቀ መዛሙርቱ ጋር በዚያው መንገድ፣ በዚያው ዝናብ፣ በዚያው አደጋ ውስጥ ይነዳ ስለ ነበር ይመስለናል። በመንገድ ላይ መሞቱም የዚህ ዋጋ ነው፤ ከቢሮው ሆኖ ቢጽፍ ኖሮ አጋዘኗ ባላገኘችው ነበር።

እሪታ ሲሰማስ ምን ያህል ዘመን ይፈጅ ይሆን? የዐረቡ ሎረንስ በሚል ስም የታወቀው እንግሊዛዊ በአውሮፓ አቆጣጠር በሜይ ወር 1935 ዓ.ም. በሞተር ብስክሌቱ ሲሄድ፣ ሁለት ልጆች በብስክሌት ድንገት ቢያጋጥሙት ከእነርሱ ሲሸሽ ወደቀ፤ ከስድስት ቀንም በኋላ ሞተ። ራሱ ባዶ ነበር። ካዩት ሐኪሞች አንዱ ሂው ኬርንስ የተባለው የአንጎል ሐኪም ነበረ። ይህ ሐኪም የሞተረኞችን የራስ ጉዳት ማጥናት ያዘ፤ በ1941 ዓ.ም. ስለ ራስ ቁር ጥቅም ጽፎ አሳተመ፤ የእንግሊዝም ጦር ሠራዊት በዚያው ዓመት ለሞተረኞቹ ቁር አዘዘ። ለሕዝቡ ሁሉ ሕግ የሆነው ግን በ1973 ዓ.ም. ነው፤ ሎረንስ ከሞተ ከሠላሳ ስምንት ዓመት፣ ኬርንስ ራሱም ከሞተ ከሃያ አንድ ዓመት በኋላ ማለት ነው። እሪታው በመጨረሻ ተሰማ ብለን ደስ እንዲለን ይቃጣናል። ነገር ግን በዚያ በሠላሳ ስምንቱ ዓመት መካከል ለሞቱት ሰዎች እሪታው በእውነት በከንቱ ነበር። ዘገየ እንጂ ቀረ አይባልም የምንለው እኛ የተረፍነው ነን፤ እነርሱ ይህን ሊሉ አይችሉም። ይህን ዕዳ የሚከፍልበት ሒሳብ አላገኘንም።

ግሮድስኪ ከሞተ በኋላ ትምህርት ቤቱን ደቀ መዛሙርቱ ተረክበው ማስተማሩን ቀጠሉ፤ በዚያው መንገድ፣ አጋዘኖቹም ባሉበት።

ባለፈው ሰሞን እኛ በእሪ በከንቱ አፋፍ ቆመን ታክሲ ስንጠብቅ አንድ ሞተረኛ ወጣት ከኋላው ሣጥን ጭኖ፣ ቁሩን እንደ ዘንቢል በክርኑ አንጠልጥሎ መጣ። ከጎናችን ቆመው የነበሩ አንዲት እናት ነጠላቸውን እያስተካከሉ፣ «አንተ ልጅ! እሱን ነገር ራስህ ላይ አድርገው እንጂ! እናት የለህም?» ብለው ጮኹበት። ወጣቱ ፍጥነቱን ቀነስ አድርጎ ዞር አለ፤ ሣቀም፤ «አለችኝ እማማ» አለ፤ ቁሩንም ከክርኑ ማውጣት ሲጀምር አየነው። ወዲያው ኩርባው ጋረደብንና በራሱ ላይ ያድርገው ወይም እንደገና ያንጠልጥለው ሳናይ ቀረን። ሴትዮዋም እንደ እኛ አንገታቸውን አስግገው አላዩም፤ ዘንቢላቸውን አንሥተው መንገዱን ግራና ቀኝ ተመልክተው ተሻገሩ።